ታራንቱላዬ ጓደኛ ያስፈልጋታል?

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በታላቅ እህቴ ቤት ነው። እህቴ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች አሏት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሜክሲኮ ቀይ ጉልበት ታራንቱላ (ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት) ገዝቼ እስካሁን በደንብ ይዣታለሁ። እህቴ መጀመሪያ ስታያት ጮኻ ከክፍሉ ወጥታ ነበር። አሁን ለምዳታለች። እንዲያውም ‹ብቻዋን ተቀምጣ ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች፤ ጓደኛ አምጣላት እንጂ› ትለኛለች።

በቅርቡ በአንድ የእንስሳት ባዛር ላይ ሻጩ ‹በደንብ ካበላሃቸው አይጣሉም› ሲለኝ ሁለተኛ ቀይ ጉልበት ገዛሁና ከመጀመሪያዋ ጋር አስገባኋት። ይኸው ሳምንት አለፋቸው፤ ሰላም ናቸው። ሁለቱም ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። አሁን ደግሞ ሰማያዊ እግር ያላቸው ታራንቱላዎች በአንድ ሳጥን ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ሆነው ሲኖሩ በቪዲዮ አይቼ ልቤ ተሰቅሏል። ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› ይባል የለ? ቤተሰቡን ላብዛው ወይስ ይቅርብኝ? ቁርጡን ይንገሩኝ።»

ሄ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣

ይህን መልስ አንብበህ ከመጨረስህ በፊት ሁለቱን ለያያቸው። ለነገ አታሳድረው፤ ዛሬ ማታ ይሁን።

ሁለተኛ ሳጥን ባይኖርህም ችግር የለም። ክዳን ያለው ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰድ። ጎኖቹን በጋለ ምስማር ብሳቸው። ደረቅ የኮኮናት ቃጫ ወይም ኬሚካል ያልነካው አፈር ጨምርበት፤ አነስተኛ የውሃ ሳህን አስቀምጥ። ለጥቂት ቀናት ይህ ይበቃታል። ስታወጣት በእጅህ አትያዛት። ግልጽ የሆነ ሰፊ ዕቃ ድፋባት፤ ከሥሩ ስስ ካርቶን ቀስ ብለህ አንሸራት፤ ከዚያ አንሳት። አልሄድም ካለች ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወስደህ የኋላ እግሯን ነካ ነካ አድርጋት፤ ራሷ ትራመዳለች። ጓንት አጥልቅ፤ ፊትህንም ከሳጥኑ አርቅ። ቀይ ጉልበት ስትናደድ ከሆዷ ላይ ፀጉር እያራገፈች እንደምትበትን ሳታውቅ አትቀርም። ያ ፀጉር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው።

የምታወጣው አዲሷን ነው። የቀድሞዋ ቤቷን ታውቀዋለች። አንድ ሁኔታ ብቻ ይህን ይለውጠዋል፤ አዲሷን በጀርባዋ ተንጋላ ካገኘሃት አትንካት። አልሞተችም፤ ቆዳዋን እየገፈፈች ነው። ያን ጊዜ የምታወጣው ሌላኛዋን ነው።

አሁን ተረጋግተን እናውራ። ቁርጡን ንገሩኝ ስላልክ ቁርጡን ልንገርህ። ቀይ ጉልበቶችህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለየብቻ መኖር አለባቸው። በቪዲዮ ያየሃቸው ሰማያዊዎቹ አብረው መኖር ይችላሉ፤ እውነት ነው። አሁን ባለህበት ቤት ግን እነሱን እንድታስገባ አልመክርህም። ምክንያቴን በየተራ እነግርሃለሁ።

«ሰላም ናቸው» ያልከው ነገር በጣም አሳስቦኛል። ሁለቱ ጥግ ጥጋቸውን የያዙት ስለተስማሙ አይደለም፤ የሚሸሹበት ቦታ ስላጡ ነው። ቀይ ጉልበት በተፈጥሮዋ የምትኖረው በሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ፣ በኮሊማ፣ በሃሊስኮና በሚቾአካን አካባቢ በሚገኝ ደረቅ ደን ውስጥ ነው። እያንዳንዷ የራሷ ጉድጓድ አላት። ሴቷ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለዓመታት ትቀመጣለች። ቀን ትደበቃለች፤ ማታ በሩ ላይ ሆና የሚያልፈውን ትጠብቃለች። ወደ ደጃፏ የሚመጣ ነገር ለእሷ ከሦስት አንዱ ነው፤ ምግብ፣ ጠላት ወይም ሚስት ፈላጊ ወንድ። ጎረቤት የሚባል ነገር አታውቅም። ወንዱ እንኳ ሲመጣ ከሩቅ በእግሩ መሬቱን እየደበደበ ማንነቱን ያሳውቃል፤ ጉዳዩን እንደጨረሰም እግሬ አውጪኝ ይላል። አንዳንዱ ሳያመልጥ ይቀራል። ልጆቿም ቢሆኑ ከእንቁላል ከረጢቱ ከወጡ በኋላ አብረው የሚቆዩት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ ይበታተናሉ።

ስለዚህ አንድ ሳምንት ምንም አልሆነም ማለት ምንም አያረጋግጥም። ይቺ ፍጥረት አንድ ቦታ ላይ ለቀናት ሳትነቃነቅ መቀመጥ የምትችል ናት። ጊዜ ለእሷ ከእኛ በተለየ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ሴቷ ከ25 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። አደጋው በመጀመሪያው ሳምንት ካልደረሰ በሦስተኛው ወር ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ሻጩ አጠገብህ የለም።

«በደንብ ካበላሃቸው አይጣሉም» የሚለውን ወሬ ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ግማሽ እውነት ስላለው ነው ብዙ ሰው የሚያምነው። የጠገበች ታራንቱላ ለማደን አትቸኩልም፤ ይህ ልክ ነው። ግን አንዷ ሌላዋን የምትገድለው በረሃብ ብቻ አይደለም። በሌሊት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከተሰማት ዘላ ትይዛለች። ጉድጓዷ ውስጥ የገባ ካለም ትከላከላለች። ማን እንደመጣ የምትለየው ከያዘችው በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥርሷ ገብቷል።

ከሁሉም የከፋው ቆዳ የመግፈፊያው ጊዜ ነው። ይህን ነገር በደንብ እንድትይዘው እፈልጋለሁ፤ አብሮ የማኖር ጉዳይ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ታራንቱላ የምታድገው የቀድሞ ቆዳዋን አውልቃ ነው። ትንሿ በዓመት ብዙ ጊዜ ቆዳዋን ትገፍፋለች፤ ትልቋ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ቆይታ። በጀርባዋ ትንጋለላለች፤ ለሰዓታት እየታገለች እግሮቿን አንድ በአንድ ከቀድሞ ቆዳዋ ታወጣለች። ስትጨርስ መላ አካሏ ለስላሳ ነው። ጥርሷ ሳይቀር ነጭና ለስላሳ ስለሚሆን ለቀናት፣ ትልልቆቹ ከሳምንትም በላይ መብላት አይችሉም። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ የቀረ አንድ ክሪኬት (ለምግብ የሚሰጥ ፌንጣ መሰል ነፍሳት) እንኳ ነክሶ ሊጎዳት ይችላል። ሌላ ታራንቱላ ካለችማ ምን እንደሚሆን አስበው። መሸሽ አትችልም፤ መከላከል አትችልም። ጠዋት ስትነሳ የምታገኘው ጥቂት የእግር ቁራጭ ነው። አንዴ በሰላም ቢያልፍ ሌላ ጊዜ አያልፍም፤ በዕድሜዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትገፋለችና።

የእህትህ ነገር ደስ ብሎኛል። ጮኻ ከወጣችበት ክፍል ተመልሳ ለሸረሪት ማዘን ቀላል አይደለም። እኛ ከአንድ ትሪ እየተጎራረስን ያደግን ሰዎች ብቻውን የሚበላ ስናይ ሆዳችን አይችልም። ግን ለእህትህ በግልጽ ንገራት፤ ለታራንቱላ ብቸኝነት ችግር አይደለም። ደህንነቷ ጨለማ መደበቂያ፣ ደረቅ አፈር፣ ንጹሕ ውሃና የማይነካካት ሰው ነው። እህትህ ደግ ነገር ላድርግላት ካለች አፈሩን ጥልቅ ታድርግላት፤ ጥሩ የቡሽ ቅርፊት ገዝታ ታስገባላት። ይህ ከጓደኛ በላይ ይጠቅማታል። ከለያየሃቸው በኋላ ደግሞ የቀድሞዋ ለሳምንታት ምግብ እምቢ ልትል ትችላለች። እህትህ «ናፍቋት ነው» እንዳትል። ሆዷ ሞላ ያለ እስከሆነ ድረስ ቀይ ጉልበት ለወራትም መጾም የተለመደ ጠባይዋ ነው።

ተረቱን ስለጠቀስክ እሱንም እንየው። በእውነት ድራቸውን የሚያስተባብሩ ሸረሪቶች በዓለም ላይ አሉ። በአፍሪካ ስቴጎዲፈስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ጥቂት ዝርያዎች ብዙ ሆነው በአንድ ጎጆ ይኖራሉ። እያንዳንዳቸው ትንንሽ ናቸው፤ ግን ብቻቸውን የማይችሉትን ትልቅ ነፍሳት ተባብረው ይጥላሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ የሌላዋን ልጆች ሳይቀር ይመግባሉ። በደቡብ አሜሪካ ያለችው አኔሎሲመስ ኤክሲሚየስ ደግሞ በሺዎች ሆና አንድ ድር ትሠራለች። እነዚህ ታራንቱላዎች አይደሉም። ከታራንቱላዎች መካከል እዚህ ደረጃ የደረሰ የለም። ታራንቱላ «አብራ ትኖራለች» ስንል ጎረቤቷን ትችላለች ማለታችን ነው። መቻልና መተባበር ይለያያሉ። መቻል ደግሞ የሚያልቅበት ጊዜ አለው።

ወደ ሰማያዊዎቹ ልምጣ። ያየሃቸው ሞኖሴንትሮፐስ ባልፎሪ የሚባሉት መሆን አለባቸው። የትውልድ አገራቸው ሶቆጥራ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ የምትገኝ የየመን ደሴት። ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። በዚያች ደሴት ሆቅ በሚባል ዋሻ ውስጥ የጥንት መርከበኞች ከጻፏቸው ብዙ የሕንድ ጽሑፎች መካከል በእኛው በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ጥቂቶች ተገኝተዋል። የአክሱም ዘመን ነጋዴዎች እዚያ ደርሰው ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ለሳይንስ ዝርያውን የገለጸው እንግሊዛዊው ፖኮክ ነው፤ በ1897 እ.ኤ.አ.። ስሙ የተሰጠው በ1880 ደሴቷን ላጠናው ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ሊቅ ለባልፎር ነው። ገላዋ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ክሬም፣ እግሯ ሰማያዊ ነው። ሴቷ እግሯ ሲዘረጋ እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች።

ይቺን ልዩ የሚያደርጋት የእናትነቷ ጠባይ ነው። ልጆቿ ከተፈለፈሉ በኋላ ቶሎ አይበታተኑም። ከእናታቸው ጋር በአንድ ድር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። እናትየዋ ትልቅ በረሮ ገድላ ልጆቿ ከበው ሲበሉ ያዩ አሳዳጊዎች ብዙ ናቸው። ከተለመዱት ታራንቱላዎች መካከል አብሮ በማኖር በተደጋጋሚ የተሳካላቸው በዚህች ዝርያ ነው። እኔም አንድ ሰው የታራንቱላ ማኅበር ማየት ከፈለገ የምጠቁመው እሷን ብቻ ነው።

አሠራሩን ልንገርህ፤ አንድ ቀን የራስህ ቤት ሲኖርህ ይጠቅምሃል።

መጀመሪያ ነገር፣ ከአንድ የእንቁላል ከረጢት የወጡ ወንድማማችና እህትማማች መሆን አለባቸው። በትንሽነታቸው፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ቀን ነው የሚገቡት። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። «አንዲት ተጨማሪ አገኘሁ» ብሎ መጨመር የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ሦስት፣ ከወር በኋላ ሁለት፣ ከሌላ ሻጭ ደግሞ አንድ ይገዛል። ዘግይታ የገባችው እንግዳ ናት፤ ድሩም የእሷ አይደለም። የመጠን ልዩነትም አለ። ትልቋ ትንሿን እንደ ምግብ ማየት ትችላለች። ለጀማሪ ከስድስት እስከ ስምንት ይበቃል።

ቤታቸውን ከመጀመሪያው ቋሚ አድርገው። 60 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን፣ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደረቅ አፈር። የቡሽ ቅርፊቶችን ግማሽ አካላቸውን ቅበራቸው፤ ከሸረሪቶቹ ቁጥር የበዙ መደበቂያዎች ይኑሩ። እነሱ ራሳቸው ድር ሠርተው፣ መሿለኪያ ቆፍረው ሁሉንም ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ አትነካካው። ላሳምረው፣ ላጽዳው፣ ቁጥራቸውን ልይ ብሎ ድሩን ማፍረስ አደጋ ነው። ሰፈራቸውን ያፈረስክባቸው ሸረሪቶች እንደ አዲስ ነው የሚተያዩት። ማዛወር የግድ ከሆነም ሁሉም በአንድ ቀን ይዛወሩ። አየር በሁለት በኩል ይግባ። አንዱን ጥግ አልፎ አልፎ አርጥበው፤ ሌላው ደረቅ ይሁን። የውሃ ሳህን ሁልጊዜ ይኑር። የቤት ሙቀት፣ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው፣ ይስማማቸዋል፤ የማሞቂያ መብራት ውስጥ አታስገባ።

አመጋገቡም ከብቸኛዋ ይለያል። አንድ ትልቅ በረሮ መሃል ላይ ጥሎ መሄድ ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ መጥራት ነው። ትንንሽ ክሪኬቶችን ወይም በረሮዎችን በየጥጉ በአንድ ጊዜ ልቀቅ። ለሕፃናቱ የሞተ ነፍሳት ቆራርጠህ በተለያየ ቦታ አስቀምጥ። ያልተበላውን በማግሥቱ በረጅም ወረንጦ አውጣ፤ ቆዳዋን የምትገፍ ልትኖር ትችላለች። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ አንዲት ቀን የረሳኸው ምግብ ከአንዲት ብቸኛ ሸረሪት ቤት የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላው መዘጋጀት ያለብህ ነገር ቁጥራቸውን አለማወቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች ናቸው። ስምንት አስገብተህ ከዓመት በኋላ ስድስት ይሁኑ ስምንት ላታውቅ ትችላለህ። ከድሩ ወጥታ ቀን በብርሃን ገላጣ ቦታ የምትቀመጥ፣ ሆዷ የጫጫ፣ እግሯ የጎደለ ካየህ ሌሎቹ ያባረሯት ናት፤ ወዲያው ለብቻዋ አድርጋት፤ መልሰህም አታስገባት። ይህን ሁሉ አድርገህም አንዷ ልትበላ ትችላለች። «አንድም እንዳይጎዳብኝ» የምትል ከሆነ ማኅበሩ ለአንተ አይሆንም። እኔ በግልጽ የማምነው ይህን ነው። ባልፎሪም ብቻዋን ደህና ሆና ትኖራለች። አብረው የሚኖሩት እኛ ማየት ስለምንፈልግ ነው። ለዓይናችን ብለን ነፍሳቸውን አደጋ ላይ ስንጥል ቢያንስ ሥራውን አሟልተን እንሥራ።

የወንዶቹን ነገርም ብዙ ሻጭ አያነሳውም። ወንዱ ከእህቶቹ ቀድሞ ይበስላል። ከአፉ አጠገብ ያሉት ሁለት አጫጭር እግሮች ጫፋቸው ካበጠ ደርሷል ማለት ነው። ካላወጣኸው ከእህቶቹ ጋር ይራባል፤ አንድ ቀን ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ደርዘን ሕፃናት ታገኛለህ። ምን ታደርጋቸዋለህ? ወደ ውጭ መልቀቅ የሚባል ነገር አይታሰብም። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በሴንት ሉሲ ካውንቲ፣ የሜክሲኮ ዝርያ የሆነ ታራንቱላ ከሰው እጅ ወጥቶ ዱር ውስጥ ተራብቷል። ስለዚህ ወንዶቹን እየተከታተልክ አውጣ፤ ወይም ከመጀመሪያው የሚረከብህን ሰው አዘጋጅ።

ሌሎች ዝርያዎችም «አብረው ይኖራሉ» ተብለው ሲቀርቡልህ ትሰማለህ። ከሕንድና ከስሪላንካ የሚመጡት፣ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ፖሲሎቴሪያዎች በትውልድ አገራቸው በአንድ የዛፍ ዋሻ ውስጥ እናትና ልጆች ሆነው ይገኛሉ። በሳጥን ውስጥ ግን ሲያድጉ መበላላት ይመጣል። ፍጥነታቸው የሚያስደነግጥ ነው፤ ንክሻቸው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት የሚመላለስ የጡንቻ መሸማቀቅ ያመጣል። አምስት የስሪላንካ ዝርያዎች ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ያለ ፈቃድ ከስቴት ወደ ስቴት አይሸጡም። ከትሪኒዳድና ከቬኔዝዌላ የምትመጣው ትንሿ ኒዮሆሎቴሌ ኢንሲ የተሻለች ናት፤ አብረው ያኖሯት ሰዎች አሉ። ሮዝ ጣት የሚባሉትን አቪኩላሪያዎች ግን እርሳቸው። ለወራት ተቻችለው በአንድ ሌሊት የሚጨራረሱ ናቸው። የተለያየ ዝርያ አንድ ላይ መቀላቀልማ ጨርሶ አይነሳ፤ አንዷ ደረቅ ትፈልጋለች፣ ሌላዋ እርጥብ፣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ቤታችሁ። ባልፎሪን አሁን አታስገባ ያልኩህ በልጆቹ ምክንያት ነው። ቀይ ጉልበት ቀርፋፋ ናት፤ ስትቆጣ መጀመሪያ ፀጉር ትበትናለች። የአፍሪካና የእስያ ታራንቱላዎች ግን ያ የሚያሳክክ ፀጉር የላቸውም። መከላከያቸው ፍጥነትና ንክሻ ነው። የባልፎሪ ንክሻ ኃይለኛ ሕመምና የጡንቻ መሸማቀቅ ያመጣል። ጤነኛ ትልቅ ሰው ተሰቃይቶ ያልፈዋል። የ4 ዓመት ልጅ ላይ ግን አንሞክረውም። አንድ አይደለችም ደግሞ፤ ስምንት ናት። ክዳኑን ከፍተህ አንዷን ስትከታተል ሌላዋ በሌላ በኩል ልትወጣ ትችላለች። ቤቱ የእህትህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማስገባት እሷ ስለ መርዙ ሁሉንም አውቃ መፍቀድ አለባት። «ጓደኛ አምጣላት» ያለችው ይህን አውቃ አይደለም።

አሁን ላሉት ሁለቱም ቢሆን ሳጥኖቹ የሚቆለፉ ይሁኑ፤ ልጆቹ የማይደርሱበት፣ ግን የማይወድቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። ልጆቹ ይዩአቸው፤ ማየት ጥሩ ነው፣ ከፍርሃት ያወጣል። መክፈት ግን የአንተ ሥራ ብቻ ነው። ሳጥኑን ነክተህ እጅህን ሳትታጠብ ልጅ አታቅፍ፤ ፀጉሩ ከልብስህ ወደ ዓይናቸው ይሄዳል። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው። ለሸረሪቷ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ያለበት ቤት ለጽዳት ፈሳሹም ለመድኃኒቱም ያስፈልገዋል።

ለአዲሷ ቋሚ ቤት ስትሠራ አንድ ነገር አትርሳ። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታ ከእግሯ ዝርጋታ አንድ ተኩል ጊዜ አይብለጥ። ከባድ ሆድ ይዛ መስታወት ላይ ወጥታ ከወደቀች ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል። ከሳምንቱ አብሮነት የተረፈ ቁስል እንዳለባትም በባትሪ እይ። ከመገጣጠሚያዋ ጠል የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ትንሽ የበቆሎ ስታርች በብሩሽ ጫፍ ነካ አድርግበት፤ ፈሳሹ እንዲቆም ይረዳል። ለጥቂት ሳምንታት የሁለቱን ወረንጦና ሳህን አታደባልቅ፤ አዲሷ ጥገኛ ትላትል ይዛ መጥታ ሊሆን ይችላል።

የቀድሞ ቆዳቸውንም አትጣል። ሲገፉ ቀስ ብለህ ውሰደው፤ ከውስጡ ሴት ይሁን ወንድ መለየት ይቻላል። አዲሷ ወንድ ሆና ከተገኘች ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ወንዱ ከበሰለ በኋላ ብዙ አይቆይም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ወደፊት የራስህን ቤት ይዘህ ሰማያዊዎቹን ለመግዛት ስትሄድ ሻጩን እነዚህን ጠይቀው። ከአንድ ከረጢት የወጡ ናቸው? መቼ ተፈለፈሉ? እስካሁን አብረው ነው ያደጉት ወይስ ለየብቻ በኩባያ? እናታቸውን ማየት እችላለሁ? ከሶቆጥራ ዱር የመጡ ናቸው ወይስ እዚሁ የተፈለፈሉ? የሶቆጥራ ደሴቶች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ ከዚያ የተለቀመ እንስሳ ርካሽ ቢሆንም አትግዛ። ለየብቻ በኩባያ ያደጉ ከሆኑም ተዋቸው፤ አብሮ መኖርን አልለመዱትም። ሻጩ መልሶ «በደንብ ካበላሃቸው አይጣሉም» ካለህ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እለፍ።